ሩዝ ወይስ ሪዝ? ረጅም ጽሑፍ ስናነብ ዓይናችንን የማያደክመው ፊደል

«ሩዝ» እና «ሪዝ»። አንዱ ይበላል፣ ሌላው ከአፍንጫ ሥር ይበቅላል። በጽሑፍ የሚለያቸው ግን ከመጀመሪያው ፊደል እግር ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ሱቅ በር ላይ በትልቁ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም። ማታ በስልክ፣ ፊደሉ አንሶ ስታነቡት ግን ዓይናችሁ ለአፍታ ቆም ይልና «ምን ነበር ያለው?» ብሎ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ መመለስ ምንም አይደለም። ባለ ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ወይም ለፈተና የሚጠና የባዮሎጂ መጽሐፍ ሲሆን ግን እነዚህ ትንንሽ መመለሶች ይጠራቀማሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ደከመኝ፣ ንባብ አይሆነኝም» እንላለን። አንዳንዴ ግን ያደከመን ትምህርቱ ሳይሆን ፊደሉ የታተመበት ቅርጽ ነው።

ታዲያ ለረጅም ንባብ የሚመች የፊደል ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት፣ ምን ዓይነት ነው? በላቲን ፊደል የሚጽፈው ዓለም ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው፦ «ሴሪፍ ያለው ፎንት»። ይህ መልስ ለእኛ ፊደል ይሠራል? እስቲ አብረን እንየው። መንገዳችን ከሮም ተነስቶ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አድርጎ ስልካችሁ ድረስ ይመጣል።

ሴሪፍ ምንድን ነው?

የእንግሊዝኛ መጽሐፋችሁን አውጡና «ኤች» ወይም «ቲ» የሚባለውን ትልቁን ፊደል በደንብ ተመልከቱት። በብዙ መጻሕፍት ላይ የፊደሉ ጫፎች እንዲሁ ተቆርጠው አይቀሩም፤ ትንሽ ጫማ ያጠለቁ ይመስላሉ። ያቺ ጫማ ናት ሴሪፍ የምትባለው። ታይምስ ኒው ሮማን ሴሪፍ አለው፤ ኤሪያል የለውም።

ሴሪፍ የመጣው ከጥንታዊ የሮም የድንጋይ ጽሑፎች ነው። ከነዚህ በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ113 በተመረቀው የትራያን ሐውልት ሥር የተቀረጸው ነው። ኤድዋርድ ካቲች የተባሉ አሜሪካዊ ቄስና የፊደል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቅርጹ መጀመሪያ የተሣለው በጠፍጣፋ ብሩሽ ነው፣ መሮው የተከተለው የብሩሹን መንገድ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ማለትም ሴሪፍን የወለደው መጻፊያው ነው። ይህችን ሐሳብ ያዙልኝ፤ ወደኋላ ትጠቅመናለች።

ብዙ ሰው «ሴሪፍ ዓይንን በመስመሩ ላይ እየመራ ይወስዳል፣ ስለዚህ ንባብን ያፈጥናል» ይላል። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። ተመራማሪዎች በላቲን ፊደል ደጋግመው ሲለኩት ግን ሴሪፍ ባለውና በሌለው መካከል ያገኙት የፍጥነት ልዩነት በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ የለም። ከዚያ ይልቅ ጉልህ ለውጥ የሚያመጡት የፊደሉ መጠን፣ በፊደሎች መካከል ያለው ክፍተት፣ የመስመሩ ርዝመትና አንባቢው ቅርጹን ምን ያህል ለምዶታል የሚሉት ናቸው።

ዓይን ሲያነብ ይዘላል

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዓይናችን እንዴት እንደሚያነብ እንይ። ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ ይመስለናል። አይፈስም፤ ይዘላል። አንድ ቦታ ላይ ለሩብ ሰከንድ ያህል ቆም ይላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይዘላል፣ እንደገና ይቆማል። የምናነበው ሲቆም ነው።

ሲቆምም ጥርት አድርጎ የሚያየው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ከዚያ ብዙም አይሰፋም። ካላመናችሁ አሁኑኑ ሞክሩት፦ የዚህን መስመር የመጀመሪያ ቃል ብቻ እያያችሁ፣ ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ የመጨረሻውን ቃል ለማንበብ ሞክሩ። አልተቻለም አይደል?

ሌላም ችግር አለ። ጎን ለጎን የተጠጋጉ ቅርጾች እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ለብቻው ሲቆም በቀላሉ የሚለይ ፊደል፣ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ተጨናንቆ ሲቆም ለመለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የማንበብ ችግር ያለባቸው የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች በፊደሎች መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ሲጨመርላቸው በተሻለ ሁኔታ እንዳነበቡ አሳይቷል። ምንም ልምምድ አልተሰጣቸውም፤ የተለወጠው ክፍተቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ፎንት ማለት ዓይን በቆመባት በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ ፊደሉ «እኔ ማን ነኝ» ብሎ ሳያምታታ የሚነግር ማለት ነው።

«በ» ላይ ጫማ ብናጠልቅለትስ?

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። የላቲንን ሴሪፍ ወስደን በቀጥታ እንለጥፍበት ብንልስ?

«በ» ን ውሰዱ። ሁለት እግር አለው። በቀኙ እግር ጫፍ ላይ ወደ ጎን የምትወጣ ትንሽ ጫማ ጨምሩበት። ምን ሆነ? «ቢ» ሆነ! «ለ» ላይ ብትጨምሩ «ሊ»፣ «ሰ» ላይ ብትጨምሩ «ሲ»፣ «ከ» ላይ ብትጨምሩ «ኪ» ይሆናል። እሺ፣ እግሩን ትተን አናቱ ላይ እናድርገው። «ነ» አናቱ ላይ ጭረት ሲያገኝ «ኘ» ይሆናል፤ «ተ» «ቸ»፣ «ሰ» «ሸ»፣ «ዘ» «ዠ»፣ «ደ» «ጀ» ይሆናል።

አያችሁ? በላቲን ፊደል ጌጥ የሆነችው ጭረት በእኛ ፊደል ድምፅ ናት። ከላይም ከታችም ቦታው ተይዟል። ከወገብ ላይ የምትወጣው ጭረት ካዕብን (ቡ) ትናገራለች፣ ከእግር ጫፍ የምትወጣው ሣልስን (ቢ)፣ እግር ሥር ያለችው ቀለበት ኃምስን (ቤ)። እግር ማሳጠርና ማስረዘም እንኳ ትርጉም አለው፦ «ባ» የቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ «ቦ» የግራው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ «ሏ»፣ «ቧ»፣ «ኳ» የመሳሰሉትን ሳንቆጥር ነው። የላቲኑ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው።

በሌላ በኩል የእኛ ፊደል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል። «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስምንት። ዓይን በአንድ መቆም ብዙ ድምፅ ይሰበስባል ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል የሚሸከመው መረጃ መብዛቱ ነው። ትንሿ ጭረት ከጠፋች ድምፁም ይጠፋል።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ «ባህላዊ፣ ሴሪፍ ያለው» የሚባል የግዕዝ ፊደል ሊኖር ይችላል? አለ። ግን ጫማው ከሮም አልመጣም። መልሱን ለማግኘት ብራና የሚፍቁትን ሰዎች መጠየቅ አለብን።

የመቃ ብዕር ሥራ

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ደብረ ብርሃንን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን መጽሐፍ ማለት በእጅ የተጻፈ ብራና ነበር። በእሳቸው ስም የሚታወቁት «መጽሐፈ ብርሃን» እና «መጽሐፈ ሚላድ» የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሙያው ከዚያ በፊትም ነበረ፣ ከዚያም በኋላ በየገዳሙና በየደብሩ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል።

አሠራሩን በአጭሩ እንይ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስቡ ተፍቆ ይደርቃል። ከዚያ ጸሐፊው በወስፌ ጥቃቅን ቀዳዳ እየበሳ፣ ያለ ቀለም ተጭኖ መስመር ያሰምራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለመክፈቻ መስመሮች ይቀመጣል። ብዕሩ መቃ ነው። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የመቃው ጫፍ እንደ እስክሪብቶ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቆረጣል።

ጠፍጣፋ ጫፍ ምን ያደርጋል? ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት እርሳስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩ። ጫፎቻቸው ከወረቀቱ መስመር ጋር ትይዩ ሆነው ሁለቱም ወረቀቱን ይንኩ። አሁን ሳታዟዙሩ ከላይ ወደ ታች ስቡ፤ ሁለት የተራራቁ መስመሮች ታገኛላችሁ። መካከላቸውን ብትሞሉት ወፍራም ጭረት ነው። ከዚያ ወደ ጎን ስቡ፤ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ቀጭን ጭረት ይሆናሉ። እርሳሶቹን በትንሹ አዘንብላችሁ ብትጀምሩ ደግሞ የጭረቱ አናት ሰያፍ ሆኖ ይቆረጣል።

የቁም ጽሕፈት ምስጢሩ ይኸው ነው። «በ» ሲጻፍ ሁለቱ እግሮች ይወፍራሉ፣ የሚያገናኛቸው አግዳሚ ይቀጥናል፣ ጫፎቹ ሰያፍ ይሆናሉ። የእኛ ፊደል «ሴሪፍ» ይህ ነው፦ ተጨማሪ ጫማ ሳይለጠፍ፣ ብዕሩ ራሱ የተወው ወፍራምና ቀጭን ዱካ። ካቲች ስለ ሮም ብሩሽ ያሉትን አስታወሳችሁ? መጻፊያው ነው ቅርጹን የወለደው።

ይህ ለአንባቢም ይጠቅማል። እግሮቹ ሲወፍሩ የፊደሉ አካል ጎልቶ ይታያል። ከእግሩ ጎን የምትወጣው ቀጭን ጭረት ከወፍራሙ አካል በውፍረቷ ስለምትለይ ዓይን «ይህ አካሉ ነው፣ ይህ ደግሞ አናባቢው» ብሎ በቀላሉ ይከፍለዋል። ሁሉም ጭረት እኩል ሲወፍር ያ ፍንጭ ይጠፋል።

ጸሐፊዎቹ ሌላም ብልሃት ነበራቸው። ገጹን በሁለት ወይም በሦስት አምድ ይከፍሉታል፤ መስመሩ ሲያጥር ዓይን ወደሚቀጥለው መስመር ሲመለስ አይጠፋበትም። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ያስቀምጣሉ። ለትልቅ መጽሐፍ ጉልሕ፣ በእጅ ለሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ ረቂቅ አጻጻፍ ይመርጣሉ። ዛሬ የፎንት ባለሙያዎች መጠንን፣ ክፍተትንና የመስመር ርዝመትን የሚያስተካክሉት ለዚሁ ዓላማ ነው።

አንኮበር ላይ የተገናኙ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት

በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው አገር ቤት አይደለም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደሉን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮም አሳተመ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ከሸዋው ደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ማተሚያ ቤት የነበሩት ሠራተኞች ፊደሉን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መነኮሳቱ ደግሞ የኅትመት ሙያ አያውቁም።

ችግሩን አስቡት። ብራና ላይ ያለ አንድ ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ 231ዱንም ይጽፋል፤ የሁሉም ጭረት ውፍረት ከአንድ ጫፍ ስለሚመጣ ይስማማል። በብረት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው መቀረጽ አለበት። ቀራጩ ቋንቋውን ካላወቀ የትኛዋ ጭረት ድምፅ እንደሆነች፣ የትኛዋ የብዕር አመል ብቻ እንደሆነች በምን ይለያል?

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ያለችው አንኮበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1839፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ወደዚያ መጡ፦ ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ። አውሮፓ የታተሙ የአማርኛና የግዕዝ መጻሕፍትም ይዘው ነበር። በአንድ በኩል በመቃ ብዕር የተጻፈ ብራና፣ በሌላ በኩል በብረት ፊደል የታተመ ወረቀት፤ ሁለቱ በአንድ ከተማ ተገናኙ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመልሶ ለንደን ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1841) እና ሰዋስው (1842) አሳተመ።

አገር ውስጥ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ፊደሉን የሚያነቡ፣ ስሕተቱንም የሚያዩ ኢትዮጵያውያን የኅትመት ሥራው ውስጥ ገቡ። የዛሬው አንባቢ ዓይን «ይህ መጽሐፍ ይመስላል» የሚለው ቅርጽ የተለመደው በእንዲህ ዓይነት ኅትመት ነው።

ከታይፕራይተር እስከ ስክሪን

ቀጥሎ ታይፕራይተር መጣ፤ ኢንጂነር አያና ብሩ በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሳል። ግን የታይፕራይተር ቁልፎች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም፤ 231 ቅርጽ የት ይገባል? መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ሆነ፦ አካሉ በአንድ ቁልፍ፣ የአናባቢው ጭረት በሌላ ቁልፍ። ዘዴው ብልሃት ነው። ዋጋው ግን ለሁሉም ፊደል አንድ ዓይነት ጭረት አንድ ዓይነት ቦታ ላይ መለጠፉ ነው። ለ«በ» የሚስማማው ለ«ረ» አይስማማም። ወፍራምና ቀጭኑም ጠፋ፤ ሁሉም ጭረት እኩል ሆነ።

ኮምፒውተር ሲመጣ የቦታ ችግሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያ በፊት ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነበር። ግን ልብ በሉ፦ ዩኒኮድ የሚመዘግበው «ይህ ቢ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። «ቢ» ምን ዓይነት መልክ ይኑረው የሚለው የፎንቱ ሥራ ነው።

መልኩን ደግሞ ስክሪኑ ይፈትነዋል። የቆየ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ 12 ነጥብ የሆነ ፊደል የሚያገኘው ቁመት 16 ፒክስል ያህል ነው። የ«ቤ» ቀለበት ቀዳዳዋ እንዲታይ ቢያንስ ሦስት ፒክስል ያስፈልጋታል፦ ቀለም፣ ባዶ፣ ቀለም። ከዚያ ካነሰች ቀለበቷ ነጠብጣብ ትሆናለች፤ «ቤ» እና «ቢ» ይመሳሰላሉ። ቀጫጭኑ አግዳሚም ሊጠፋ ይችላል። የዛሬ ስልኮች ፒክስል በጣም ስለተጠጋጋ የብዕር ቅርጽ ያላቸውን ፎንቶች በደንብ ያሳያሉ።

እነዚህ ፎንቶች የትኞቹ ናቸው? ስሙን ከደጋ አጋዘን የወሰደው «ኒያላ» ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፤ የሠራው ጆን ሃድሰን ነው። «አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል» የተሠራው የብራና ጸሐፊዎችን ቁም ጽሕፈት መሠረት አድርጎ ነው። «ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ» ወፍራምና ቀጭኑን ይጠብቃል፤ ወንድሙ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ደግሞ ጭረቶቹን ወደ እኩልነት ያቀርባል። አቢሲኒካና ሁለቱም ኖቶዎች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

ራሳችሁ መርምሩ

የትኛው ይሻላል ለማለት በምትጠቀሙበት መጠንና ቦታ ላይ መሞከር ነው። አራት ቀላል ፈተናዎች እነሆ፦

1. የመንታዎች ፈተና። ሩ ሪ፣ ቡ ቢ፣ ባ ቦ፣ ነ ኘ፣ ሰ ሸ፣ ጠ ጨ ብላችሁ ጻፉ። ልታነቡበት ባሰባችሁት መጠን፣ በክንድ ርቀት፣ ሳትጠጉ ይለያሉ?

2. የቀለበት ፈተና። ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ ጻፉ። የቀለበቶቹ ቀዳዳ ክፍት ነው ወይስ ተደፍኗል?

3. የመስመር ፈተና። «ሿ» እና «ኟ» ከላይም ከታችም ምልክት አላቸው። እነሱን በሦስት ተከታታይ መስመሮች ላይ ደርድሩ። ከላይና ከታች ካለው መስመር ጋር ከተነካኩ የመስመሩን ርቀት ጨምሩ።

4. የአሥር ደቂቃ ፈተና። ከአንድ መጽሐፍ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ክፍሎች ምረጡ፤ አንዱን በአንድ ፎንት፣ ሌላውን በሌላ አትሙ። ጓደኛችሁ ሲያነብ ሰዓት ያዙ፣ ከዚያ ስለ ይዘቱ ሦስት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ለሚቀጥለው ጓደኛ የፎንቶቹን ቅደም ተከተል ገልብጡ፤ አለዚያ ሁለተኛው ክፍል ላይ ያለው ድካም ፎንቱ ላይ ይላከካል። አንድ ጥንቃቄ፦ በአንድ ፎንት 12 የሚባለው በሌላው ከ12 ሊተልቅ ወይም ሊያንስ ስለሚችል መጀመሪያ ቁመታቸውን በማስመሪያ እኩል አድርጉ።

ስትሞክሩ ምናልባት የሚያስገርም ውጤት ታገኛላችሁ። በጥሩ ወረቀት ወይም በጥሩ ስልክ ላይ የብዕሩን ወፍራምና ቀጭን የሚጠብቀው ፎንት ሊመቻችሁ ይችላል። ለሦስተኛ ጊዜ ፎቶ ኮፒ በተደረገ ሞጁል ላይ ግን ቀጫጭን ጭረቶች ይበላሉ፤ እዚያ ጭረቱ እኩል የሆነው ፎንት ያሸንፋል። ማስታወሻ አባዝታችሁ ለክፍላችሁ የምትሰጡ ከሆነ ይህን አስቡ። ገና ፊደል ለሚቆጥሩ ትንንሽ ልጆች የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ መጠኑንና ክፍተቱን ከሁሉ አስቀድሙ።

በሁለቱም ቦታ መመዘኛው አንድ ነው። ፎንቱ አሮጌ ይምሰል ዘመናዊ፣ የ«ሩ» ጭረት ከ«ሪ» ጭረት ሳትምታታ አንባቢው ዘንድ መድረስ አለባት። የብራና ጸሐፊ መቃውን በየጊዜው እየቀረጸ ጫፉን የሚያስተካክለው ለዚሁ ነበር፤ ብዕሩ ሲደነዝዝ የሚጠፋው ውበት ብቻ ሳይሆን ቃሉም ነውና።